የኮሶዬው በረራና የእናቴ ዓይን

ሰው ስለ ወንድሜ ሲጠይቀኝ «አውሮፕላን የሠራው ነው አይደል?» ይለኛል፤ ፊቱ ፈካ ብሎ። እኔም «አዎ፣ እሱ ነው» እልና ወሬውን ወደ ሌላ እወስደዋለሁ። ለሚሰማው ደስ የሚል ታሪክ ነው። አንድ የጋራዥ ሠራተኛ ጎንደር ቁስቋም ሰፈር ከቤታችን ጓሮ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ለዓመታት ሲበይድና ሲገጥም ኖሮ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ አውሮፕላን ሠራ፤ ኮሶዬ ሜዳ ላይም አስነሣት። ውሸት የለበትም። ከመሬት ስትለቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ እናቴ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ወደ ኮሶዬ የሚወስደው የደባርቅ መንገድ ሰው እንደ ልቡ የሚመላለስበት ጊዜ ነበር። እኔ ያኔም አሁንም የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንድሜ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ወደ ጓሮ ይጠራኛል። ሥራዬ አንግል መለኪያ መያዝ ነው።

አውሮፕላኗ አፍንጫ ላይ ያለው ፕሮፔለር ሦስት መቅዘፊያ አለው። የመቅዘፊያዎቹ ግርጌ መሃል ላይ ወዳለ የብረት መያዣ ይገባል። መያዣው ለሁለት የሚከፈል ነው፤ ብሎኖቹ ሲጠብቁ የመቅዘፊያዎቹን ግርጌ ጨምድዶ ይይዛል። ከዚያ ጭምደዳ በቀር እንዳይዞሩ የሚያግዳቸው ሌላ ነገር የለም። ብሎኖቹ ሲላሉ ግን እያንዳንዱ መቅዘፊያ በእጅ ይዞራል፤ ቀና ይላል ወይም ጋደም ይላል። አየሩን ምን ያህል ጠልቆ እንደሚቆርጠው የሚወስነው እሱ ነው።

ወንድሜ ያስረዳኝ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ማረሻ አስቢ። ጠልቆ ሲገባ በሬው ይቆማል። ከላይ ከላይ ሲቧጥጥ ደግሞ በሬው ይሮጣል፤ መሬቱ ግን አልታረሰም። በሬው ሞተሩ ነው፣ መሬቱ አየሩ ነው።» ጎንደር ላይ የሚስማማው አንግል ኮሶዬ ላይ አይሆንም። ኮሶዬ ከፍ ያለ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ዳገት እንደወጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ መቅዘፊያዎቹን ትንሽ ጋደም ማድረግ ያስፈልጋል። ከመጠን በላይ ከጋደሙ ደግሞ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይጎትትም።

ከሁሉ በላይ ሦስቱ እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ በጥቂቱ እንኳ ከተለየ አውሮፕላኗ እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጣለች። እኔ መለኪያውን መቅዘፊያው ላይ እይዛለሁ፣ እሱ ያዞራል፣ እኔ አነባለሁ፣ እሱ የብሎኑን ዳዶ ያጠብቃል፤ ሲያጠብቀው አንግሉ ይሸሻል፤ እንደገና ያላላዋል። «እጅሽ ይንቀጠቀጣል» ይለኛል። እጄ አይንቀጠቀጥም። ወንድሜ ነገር አልሳካ ሲለው ጥፋተኛ የሚፈልግ ሰው ነው፤ ብሎን ላይ ቢጮህ ብሎኑ ስለማይሰማው አጠገቡ ያለው ሰው ላይ ይጮሃል። አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ ያለሁት እኔ ነበርኩ።

እናታችን ወደ ጓሮው ብዙ አትመጣም ነበር። ምሳውን በርሜሉ ላይ አስቀምጣ ቆም ትልና፣ አውሮፕላኗን ከአፍንጫ እስከ ጅራት አይታ ትመለሳለች። «ሙሽራዋ» ነበር የምትላት። «ሙሽራዋ ዛሬ እንዴት ዋለች?» ትለኛለች እራት ላይ። ሰፈሩ ወንድሜን «ፓይለቱ» እያለ ሲስቅበት፣ ሊያገባት የነበረች ልጅ ሳትቀር ትታው ስትሄድ፣ ትበራለች ብላ የምታምን እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ራሴ አላምንም ነበር። መለኪያ መያዝ ሌላ፣ ማመን ሌላ ነው።

እናቴ የመካነ ብርሃን ሰው ናት። አባቷ ማረሻ፣ መጥረቢያና ማጭድ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር። ይህ በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ማረሻህን ሠርቶ የሰጠህን ሰው ጠይብ ትለዋለህ። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ትላለህ። ልጅህን ሆዱን ቢቆርጠው ያየው እሱ ነው፤ ላምህ ብትነጥፍ እሱ ነው። ከእሱ ጋር አትጋባም፣ እሱ እያየህም አትጎርስም። በማረሻው ግን ታርሳለህ። በሠራው ማጭድ ያጨድከውንም እህል እፍ ብለህ ትበላለህ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እህል ሊጭን ወደዚያ ሲመላለስ አያት፣ ወደዳት፣ አገባት። ዘመዶቹ ሠርጉ ላይ እህል አልቀመሱም ይባላል። ማንም ወደማያውቃት ወደ ጎንደር አመጣት፤ ቁስቋምም አላወቃትም። ይልቅ ጎረቤት ምጥ ሲይዛት ቀድመው የሚጠሩት እሷን ሆነ። አራስ ትጠብቃለች፣ ሕፃን ታጥባለች፣ ክርስትና ሲነሣ ሕፃኑን አቅፋ የምትሄደው እሷ ናት። የሰፈሩ ልጅ ግማሹ በእጇ የታጠበ ነው። አባቴ ሲሞት የትውልዷ ነገር ጎንደር ውስጥ ከሦስታችን ጋር ቀረ።

ወንድሜ ልጅ ሳለ አንድ የአባቴ ዘመድ ልጅ ለዓውደ ዓመት መጥቶ «የጠይብ ልጅ» አለው። ወንድሜ በድንጋይ ግንባሩን ፈነከተው። እናቴ የሰማችውን ሰምታ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ተከትሏት ገባ፤ «ሁለተኛ እንዲህ የሚልሽን ሰው እገድለዋለሁ» አላት። ገና የወተት ጥርሱ እየረገፈ ነበር። እኔም እሷም አመንነው።

እንግዲህ ኮሶዬ። ሜዳው ላይ እንዲሞክር ፈቃድ አገኘ፤ ከፍ እንዳይል፣ ከሜዳውም እንዳይርቅ ተብሎ። በዋዜማው ከሰዓት መቅዘፊያዎቹን ለኮሶዬ አየር አስተካከልን። ሦስቱም እኩል መጡ። ብሎኖቹን በልካቸው አጠበቀና ፕሮፔለሩን በአሮጌ አንሶላ ሸፈነው። «ዛሬ እጅሽ ደህና ነው» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህ ምርቃት ነው።

በማግስቱ ጧት ክንፎቿን ለብቻ፣ አካሏን ለብቻ አድርገን በኪራይ የጭነት መኪና ላይ አሰርናት። እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነው? እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል» አላት ወንድሜ።

«ልጄ ሲበር ሳላይማ አልቀርም» አለችው። «ሌላ ምን ቀረኝ? ይችን ካየሁ ይበቃኛል።»

ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ እኛ ከኋላ አውሮፕላኗን ይዘን ሄድን።

ዕለቱ የታቦት በዓል ስለነበር ገበሬው ሥራ ፈቶ ነበር። ክንፎቹን ገጥመን ሳንጨርስ ሜዳው በሰው ተሞላ። መንገድ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች የወጣው፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው፣ ከገደሉ ማዶ ከየመንደሩ የመጣው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ከበበን። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ዱላቸውን አገጫቸው ሥር አስደግፈው አውሮፕላኗን ዞር ዞር ብለው አዩና «ይች ፌንጣ ናት እንግዲህ ሰው አዝላ የምትበር?» አሉ። ሰው ሳቀ። ወንድሜም «አዎ አያ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ብሎ ሳቀ።

እናቴ ሣሩ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። አንዲት ወጣት እናት ክንዷ ዝሎ ነበርና እናቴ ሕፃኗን ተቀበለቻት። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ልጅቱ «ምነው እናቴ፣ እጅዎ እንዴት ያለ ሸጋ ነው! ለእኔስ ሲያለቅስ ነው የሚውለው» ስትላት ሰማሁ። እናቴ በደስታ ፊቷ በራ።

ወንድሜ ገባ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ሞተሩን አስነሣ። መጀመሪያ ለማሞቅ ያህል ቀስ እያለ ሜዳውን ዞረ። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጠ። ሞተሩ ጮኸ። አጯጯሁ ግን የጤና አልነበረም፤ እየቀጠነ፣ እየሰላ ሄደ። አውሮፕላኗ ትንሽ ሮጠችና ፍጥነቷ እዚያው ቀረ። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ አፍንጫዋ፣ ክንፎቿ፣ የወንድሜ ጭንቅላት ሳይቀር። አጠፋው። እንደ ተበሳጨ በቅሎ ሁለት ጊዜ ዘላ ቆመች።

መጀመሪያ ልጆቹ ሳቁ፣ ቀጥሎ ትልልቆቹ። ሸምገል ያሉት ሰውዬ «ጩኸቷስ የአንበሳ ነው» አሉ፤ ሳቁ ባሰ። ወንድሜ ወርዶ ፊቱ ዓመድ መስሎ «መለኪያውን አምጪ» አለኝ። ለካሁ። ሦስቱ መቅዘፊያዎች ሦስት የተለያየ ነገር ሆነዋል፤ አንደኛው ጨርሶ ተኝቷል። ትናንት እንዲያ ጨምድደን ያጠበቅነው ነገር በራሱ ዞሯል ማለት ነው። ወንድሜ ብሎኖቹን ፈትቶ መያዣውን ከፈተው፤ ጣቱን ውስጡ አስገብቶ አወጣና አሸተተው። ከዚያ እኔንም አስሸተተኝ።

ቅቤ ነበር።

«ማነው?» አለ ቀስ ብሎ።

እናቴ ሕፃኑን ለእናቱ መልሳ መጣች። ምንም አልጠረጠረችም፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብላለች። «እኔ ነኝ፤ ምነው ልጄ? አባቴ ቤት አዲስ መጥረቢያ ከደጅ ሲወጣ እጀታው ከብረቱ የሚጋባበትን ለጋ ቅቤ ያሹታል፤ እንዳይሰነጠቅ፣ ሥራውም ሸጋ እንዲሆን። ጧት እናንተ ገመድ ስታጠብቁ እኔም ለሙሽራዋ ቀባሁላት። በደንብ ነው ያስገባሁላት።»

በደንብ ነበር ያስገባችው። በእያንዳንዱ መቅዘፊያ ግርጌ፣ በክፍተቱ ዙሪያ በጣቷ እየጠቀጠቀች። ሞተሩ ሲሞቅ ቀልጦ ወደ ውስጥ ሰረገና ጭምደዳው አሟለጨ። ይኸው ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነበር፦ በቤንዚን መጥረግ፣ ማድረቅ፣ እንደገና ለክቶ ማጥበቅ። ማናችንም አልሞትንም፤ አውሮፕላኗም አልተሰበረችም።

ግን ሸምገል ያሉት ሰውዬ «አንተ ልጅ፣ ይች ፌንጣህ ቅቤ ቀለቧ ነው?» አሉ፤ ያ ሁሉ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወንድሜን አየሁት። ዓመታት ሙሉ በቁስቋም ሲሳቅበት ችሎ የኖረ ሰው በዚያች ሳቅ ተሰበረ። ወደ እናቱ ዞረ።

«ጠይብ ምን ጊዜም ጠይብ ነው!» አላት ጮክ ብሎ። «በዓይንሽ በላሽኝ! እኔን ልጅሽን እንኳ አትምሪም!»

ሳቁ ቀጥ አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ኮሶዬ ደግሞ አፋፍ ላይ ያለ አገር ነው፤ የወደቀውን ማን ወርዶ ያወጣዋል? ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ጋቢያቸው ሥር ሰበሰቡ። አንዱ ትፍ አለ፣ ሌላውም ትፍ አለ። እናቴ የቆመችበት ሣር ዙሪያውን ባዶ ሆነ። ሕፃኗን ለእናቴ ሰጥታ የነበረችው ያች ወጣት እናት ልጇን ገልጣ አየችው፤ ተኝቷል። ተኝቶ ማየቷ ይበልጥ አስደነገጣት። «ደንዝዟል! አቅፋው ነበር እኮ!» ብላ ጮኸች፤ ምራቋን በጣቷ አድርጋ ግንባሩን ታሸው ጀመር። ሕፃኑ ተቀስቅሶ አለቀሰ። ማልቀሱንም ለማስረጃ ቆጠሩት።

እናቴ ወንድሜን አየችው። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። የሚቀጥለውን ቃል እየጠበቀች ነበር፤ ቶሎ ብሎ የሚመልሳትን አንድ ቃል። ጎንበስ ብሎ የመቅዘፊያውን ግርጌ በጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

«አንተ፣ ምን ሆነሃል?» አልኩት። «እናትህ እኮ ናት! ቅቤ ነው በላቸው!»

«ቤንዚኑን አቀብይኝ» አለኝ።

ያች ሴት «ዓይኗን ትሸፍን» አለች። «ሳትሸፍን ቢነሣ ልጇ ይሞታል።» ሌሎቹም ተቀበሏት፤ «ትሸፍን፣ ትሸፍን» ሆነ። ሽማግሌው እንኳ ያን ጊዜ ቀልዳቸውን ትተው «ለአንተው ነው የሚሉት የኔ ልጅ» አሉት። ወንድሜ ቀና ሳይል «እማዬ፣ መኪናው ውስጥ ግቢ» አላት። «ነጠላሽንም ፊትሽ ላይ ጣል አድርጊ። እንዳሉት አድርጊላቸውና ይለቅ።»

ሄደች። በሰዉ መሃል ስታልፍ ሰዉ እንደ እሳት ይሸሻታል። መኪናው ጋ ስትደርስ ሾፌሩ ወርዶ ራቅ ብሎ ቆመ። እሷ ገብታ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ከራሷ እስከ ጉልበቷ አወረደችው። ሁለት ሴቶች እንዳትገልጥ ሊጠብቁ በሩ ላይ ቆሙ።

መለኪያውን ያዝኩለት። ባልይዝለት በግምት አጥብቆ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ፤ እልኸኛ ነው። ሦስቱንም አስተካከልን። ከቁጥር በቀር አልነገርኩትም። ሲያልቅ የአውሮፕላኗን ጅራት በገመድ ከጭነት መኪናው ጋር አሰረና ሞተሩን እስከ መጨረሻው አስጮኸው፤ መቅዘፊያዎቹ ይሸሹ እንደሆነ ለማየት ነው። አውሮፕላኗ ገመዱን ወጥራ ስትጎትት መኪናው ይርገበገብ ነበር። እናቴ ውስጡ ናት። ልጇ የሠራው ነገር ምን ያህል እንደሚጎትት ያወቀችው በዚህ ነው፤ በጨለማ፣ በመቀመጫዋ በኩል። አጠፋው። ለካሁ። ቅንጣት አልተነቃነቀም።

ገመዱን ፈታን። አውሮፕላኗ ሮጠች። አሁን ድምፁ ወፍራም ነበር፤ የሚጎትት ድምፅ። ጅራቷ ተነሣ፣ ጎማዎቿ ሣሩን አንዴ ሁለቴ ነኩና ለቀቁት። ወንድሜን እንዲያ ጠልቼው ሳለ ጮህኩ፤ እንባዬ መጣ። ከሜዳው ጥግ ካለው የገብስ ማሳ በላይ አለፈ፤ ሰዉ ጋቢውን እየጣለ ተከተለው። እኔ ወደ መኪናው ሮጥኩ።

«እማዬ! በረረ! ገልጠሽ እይው!»

«ተይ አንች!» ብለው ሴቶቹ ያዙኝ። በመሃላቸው እጄን ሰድጄ ነጠላውን ሳብኩት። ከውስጥ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። ልስበው ስታገል እሷም ወደ ራሷ ሳበችው፤ ጉልበቷ ከእኔ በረታ። የሞተሩ ድምፅ ከራሳችን በላይ አልፎ ራቀ፤ ተመለሰ፤ ዝቅ አለ። ወረደ።

ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ወንድሜን ከመቀመጫው አውጥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ሽማግሌው እንደ ልጅ እየዘለሉ ነበር። «ጀግና! ፌንጣ ያልኩበት አፌ ይሰበር!» አሉ። ቀጥለውም «አየህ? ዓይኗ ሲሸፈን ተነሣች! ያልንህ ይኸን ነው!» አሉት። ሰዉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ።

በጠላትነት የሚጠብቁት ሰዎች አልነበሩም። ትከሻቸው ላይ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢናገር ይሰሙት ነበር፤ የፈለገውን ቢላቸው ያምኑት ነበር። ምን እንደሆነ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ቅቤውን በጣቱ ያወጣው እሱ ነው። እኔም እሱን እሱን አየሁ። ወንድሜ ሳቀ። ሰፊ፣ የደስታ ሳቅ ሳቀ፤ ጭንቅላቱንም በአዎንታ ነቀነቀላቸው።

«ቅቤ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ቅቤ አሟልጮት ነው! ጠርገነው ነው የተነሣው!»

ያች ወጣት እናት ወደ እኔ ዞር አለች። «ቅቤውንስ ማን ቀባው?» አለችኝ።

እኔ የሒሳብ አስተማሪዋ፣ ማስረጃ ስጡ እያልኩ ልጅ የማስጨንቅ፣ እዚያ ሜዳ ላይ የራሴው ማስረጃ ተገለበጠብኝ። አውሮፕላኗ ባትነሣ ኖሮ ሰዉ ሥራው ነው ያልሆነለት ብሎ በሳቅ ይበተን ነበር። መነሣቷ ነው እናቴን ያስፈረደባት። ልጇ ከፍ ባለ ቁጥር እሷ ጥፋተኛ ሆነች።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጎንደር ገባ። መኪናውን ቁስቋም ስናቆም ሰፈሩ እልል እያለ ወንድሜን ተቀበለው፤ እሷ ስትወርድ ግን ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ሲያስገቡ አየሁ። በእጇ ያጠበቻቸው ልጆች ናቸው።

በዚያው ሰሞን ከአጥራችን ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ወለደች። እናቴ ከወር በፊት ጀምራ የገንፎ ዱቄት አዘጋጅታላት ነበር። የጠራት የለም። ሌላ ሴት ከአዘዞ ድረስ በባጃጅ አመጡ። እናቴ ቁጭ ብላ እልልታውን በግድግዳው በኩል አዳመጠች። ሰባት ጊዜ እልል ሲባል «ወንድ ነው» አለች፤ «እግዚአብሔር ያሳድገው።» ዱቄቱን እኔ ይዤ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ሴት አመስግና ወሰደችው፤ ከበሩ ሳልርቅ ዘወር ብዬ ሳይ የውሻ ሳህን ላይ ስትደፋው አየሁ። ለእናቴ «ደስ ብሏቸው ተቀበሉ» አልኳት። አላመነችኝም፤ ግን አልጠየቀችኝም።

ወንድሜን አንድ ቀን ጓሮ ውስጥ ያዝኩት። «በንዴት ነው እኮ» አለኝ። «ሰው በንዴት ስንት ነገር ይላል።»

«በንዴት ያልከውን ደስ ሲልህ ለምን አልመለስከውም?»

ዳዶ ሲያጠብቅ ቆየና «እናቱ ቅቤ ቀብታበት ይሉኝ ነበራ» አለ። «ዕድሜ ልኬን ይስቁብኝ ነበር።» ይህን ሲል አላፈረም። ትክክለኛ ምክንያት የነገረኝ መስሎት ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ ከአንድ ሆድ መውጣታችንን ያን ቀን ጠላሁት።

ይቅርታ አልጠየቃትም። እሷም አልጠየቀችውም። ምሳውን ታቀርብለታለች፤ ይበላል። በጋ በመጣ ቁጥር ፈቃድ እያስወጣ ኮሶዬ ይሄዳል፤ መቅዘፊያዎቹን የሚለካለት ሌላ ሰው አግኝቷል። የኮሶዬ ሰው አሁን በእሱ ይኮራል። ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቁት «እናትህ መጥታለች?» ነው አሉ። «የለችም» ሲላቸው እርጎ ያመጡለታል።

ወንድሜ ባለፈው ወደዚያ የሄደ ዕለት ወደ እናቴ ክፍል ጎራ አልኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋ ከራሷ እስከ ጉልበቷ ወርዷል፤ ስልኳ ጭኗ ላይ ነው። መጀመሪያ ያመማት መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ። ወርጃለሁ ብሎ እስኪደውል ነው። ኮሶዬ ከቁስቋም አይታይም፤ በመካከሉ ስንት ተራራ አለ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እማዬ» አልኳት። «ቅቤ ነበር እኮ። አንቺም ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ከነጠላው ሥር። «ቅቤ ነበር። እሱ አየር ላይ ሳለ ግን ዓይኔን ገልጬ በምን አንጀቴ ልሞክረው?»